ሞላ መቁረጥ ጥገና አይደለም

በናይሮቢ ሱባሩ ኢምፕሬዛ የሚያሽከረክሩ አንዳንድ ወጣቶች መኪናቸውን በገዛ እጃቸው «ሲያሻሽሉ» ቀዳሚ ሥራቸው ሞላውን በመጋዝ ቆርጦ መኪናዋን ዝቅ ማድረግ ሆኗል። ይህ ድፍረት እንጂ እውቀት አይደለም። የተቆረጠ ሞላ ይደድራል፤ የሚተጣጠፍበትም ቦታ ያጥራል። ስለዚህ በየጉብታው ሾክ አብዞርበሩ ጥግ ድረስ እየተመታ ያልቃል፤ በአባጣ ጎርባጣው መንገድም ጎማው መሬት ይለቃል። የአሽከርካሪው ወገብ ጉዳይማ ይቆይ!

የሚያስገርመው እነዚሁ ሰዎች በሳፋሪ ራሊ ዝና መመካታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ኮሊን ማክሬ፣ በ2000 ደግሞ ሪቻርድ በርንስ ኬንያ ላይ ድል ያደረጉባቸው ኢምፕሬዛዎች ከመሬት ከፍ የተደረጉ፣ እግራቸው የተጠናከረ፣ ወንዝ ሲሻገሩ ሞተራቸው ውኃ እንዳይስብ የአየር መሳቢያ ቱቦ ወደ ላይ የተተከለላቸው ነበሩ እንጂ ሆዳቸው መሬት የሚልስ አልነበረም።

በእጅ መሥራትስ ይበል የሚያሰኝ ነው። ግን ማርሚታ አውልቆ ሠፈር የሚያውከው ባለ መኪና የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ ካየ ስንት ወር ሆነው? ባለ ተርቦ ሞተር ዘይት ሲያንሰው ብረት ከብረት ይፋጫል፤ ተርቦውም አብሮ ይጠፋል። ዘንጉን መዝዞ ለማየት አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ መጋዝም አይጠይቅም።