ርእሰ አንቀጽ፦ ድንኳኑ ሳይነቀል ፎቶግራፉ ይሰብሰብ



የሠርግ ወራት ሲቃረብ የማኅበራችን የዕቃ ቤት ደጃፍ ሰው እንደሚበዛበት ሁላችንም የምናውቀው ነው። ሰሊጡ ታጭዶና ተራግፎ ከተሸጠ፣ ማሽላውም ከገባ በኋላ የሰው እጅ ትንሽ ፈታ ሲል በእኛ በቆላው አገር ሠርግ ይደገሣል። ክርስቲያኑ ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ልጁን ለመዳር ይጣደፋል፤ ጥር 12 ቀን የሚውለው የቃና ዘገሊላ በዓልም ራሱ የሠርግ ቤት መታሰቢያ ነው። ሙስሊሙም ረመዳን ሳይገባ ወይም ዒድ ካለፈ በኋላ ኒካሁን ያስራል። ታዲያ ድንኳን፣ ብረት ድስት፣ አግዳሚ ወንበር፣ ሳህንና ብርጭቆ ለማስመዝገብ የሚመጣው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲጠይቅ ሰምተን አናውቅም። ይኸውም የሠርጉን ፎቶግራፍ ማን ይሰበስባል የሚለው ጥያቄ ነው።

ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ ልናነሣ የወደድነው ይህንኑ ጉዳይ ነው። «ኧረ ተዉን! ደግሞ ፎቶ ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው ርእሰ አንቀጽ የሚጻፍበት?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እስከ መጨረሻው አንብቡልንና ከዚያ በኋላ ፍረዱን።

በግንቦት 2015 ዓ.ም. በሠፈራችን አንድ ሠርግ ነበር። የሙሽራዪቱ አያት ከተቀመጡበት ተነሥተው ሙሽሮቹን ሲመርቁ ቢያንስ አሥር ስልክ ወደ እሳቸው ተዘርግቶ እንደነበር በቦታው የነበርን እናስታውሳለን። በገንዘብ የተቀጠረው ባለ ካሜራ በዚያች ሰዓት ምሳ ላይ ነበር። እንግዶቹ ግን «ግድ የለም፣ በቴሌግራም እንልክላችኋለን» ብለው ተሰናበቱ። ከፊሉ ወደ ጎንደር፣ ከፊሉ ወደ ገንዳ ውኃ፣ ከፊሉ ወደ ቋራ ሄደ። ዛሬ ነገ ሲባል ሐምሌ ተገባደደና በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። አዛውንቱም በዚያው ክረምት ዐረፉ። መስመሩ ሲመለስ ቤተሰቡ እንግዶቹን አንድ በአንድ ቢጠይቅ፣ የአንዱ ስልክ ውኃ ገብቶበታል፤ ሌላው ሸጦታል፤ ሌላው ደግሞ «ሚሞሪው ቢሞላብኝ አጠፋሁት» አለ። ከአሥሩ ስልክ የተገኘችው አንዲት የደበዘዘች ፎቶ ናት፤ በእሷም ላይ የሚታየው የአዛውንቱ እጅና የጋቢያቸው ጫፍ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛም መሆኑን ሳንሸሽግ እንናገራለን። ከዚያ ሠርግ ቀደም ብሎ አንዲት እናት በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ ተነሥተው «ድንኳኑን እንደምትጽፉት ፎቶውንም የሚጽፍ ሰው ለምን አታደርጉም?» ብለው ነበር። እኛ ሥቀን አለፍነው፤ በቃለ ጉባኤ እንኳ አላሰፈርነውም። ዛሬ ያ ቤተሰብ ሲያገኘን ስለ ድንኳኑ አያነሣም። የሚጠይቀን ስለዚያች ምርቃት ነው።

ሌላም አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ በገላባት በኩል ምን ያህል ሰው ወደ ከተማችን እንደገባ የዐይን ምስክሮች ነን። ሱዳናዊው ተሰድዶ መጣ፤ ዕድሜውን በካርቱምና በገዳሪፍ ያሳለፈው ወገናችንም ተመልሶ መጣ። ሰው ነፍሱን ይዞ ሲወጣ አልበም አይሸከምም። ከተመላሾቹ መካከል አንዲት እናት ዛሬ ጎረቤታችን ናቸው። ባለቤታቸው ጦርነቱ ከመነሣቱ በፊት እዚያው ሞተውባቸዋል፤ የነበራቸው ፎቶግራፍ ሁሉ በተዘጋ ቤት ቀርቷል። ትንሹ ልጃቸው «አባባ ምን ይመስል ነበር?» እያለ ይጠይቃቸው ጀመር።

አንድ ቀን እኚህ እናት ቡና ተጠርተው ጎረቤት ገቡ። ቡናው እስኪፈላ የቤቱን ባለቤቶች የሠርግ አልበም ሲያገላብጡ ድንገት እጃቸው ቀጥ አለ። ከሙሽሮቹ ጀርባ፣ ብርሌ ይዞ የሚሥቅ አንድ ወጣት ቆሟል። ባለቤታቸው ናቸው። ወደ ማዶ ከመሻገራቸው በፊት በዚያ ሠርግ ላይ ዕድምተኛ ነበሩ። ያንን ፎቶ ያነሣው ሰው ያነጣጠረው ሙሽሮቹ ላይ ነበር። አልበሙን ያስቀመጡት ባልና ሚስትም ያስቀመጡት ለራሳቸው ብለው ነው። የዚያ ልጅ አባት ግን የተገኙት እዚያ ውስጥ ነው።

እንግዲህ የሠርግ ፎቶግራፍ የሙሽሮቹ ብቻ ነው ማለት አንችልም። ከደጋ የወረደው፣ እዚሁ የተወለደው፣ ከማዶ የመጣው በአንድ ዳስ ሥር የሚቀመጥበት ቀን ሠርግ ነው። ወጥ የሠራችው፣ ጠላ የቀዳው፣ ከበስተኋላ የቆመው ሁሉ በዚያ አለ። ከተማችን በ1881 ዓ.ም. በዚሁ ጦር ሜዳ የወደቁትን የዐፄ ዮሐንስ 4ኛን ስም ተሸክማ የምትኖር ናት። የንጉሥ ስም በከተማ ይጠራል። የእኛ የተራው ሰው መታሰቢያ ግን ልጆቻችንና እነዚህ ምስሎች ናቸው።

በፊልም ዘመን ነገሩ ሌላ ነበር። አንድ ጥቅል ፊልም የሚያነሣው 36 ፎቶ ብቻ ስለነበረ ባለ ካሜራው ቆጥቦ፣ መርጦ ያነሣ ነበር። ታጥቦ የመጣውም ወረቀት ስለነበር በአልበም ወይም በሣጥን ይቀመጣል። ዛሬ አንድ ወጣት በአንድ ቀትር 300 ፎቶ ያነሣል፤ በዓመቱ ግን አንዷም በእጁ ላይ አትገኝም። ድሮ የቸገረን ማንሣቱ ነበር፤ አሁን የቸገረን መሰብሰቡ ነው።

ለቆላ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ መናገር አያሻም። ሰሊጥ ፍሬው ሳይከፈት መታጨድ፣ መታሰርና ቆሞ መድረቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ተገልብጦ በሸራ ላይ ይራገፋል። ቀኑ ካለፈ መሬት ላይ ይረግፋል፤ የረገፈ ሰሊጥ ደግሞ አይለቀምም። የእንግዳ ፎቶም እንዲሁ ነው። እንግዳው መኪና ከተሳፈረ ረገፈ ማለት ነው። ስለዚህ መሰብሰብ ያለበት ድንኳኑ ሳይነቀል፣ ቢዘገይ እስከ መልሱ ወይም እስከ ቅልቅሉ ቀን ድረስ ነው።

በመሆኑም ሠርግ ያለው ቤተሰብ ሁሉ የሚከተሉትን እንዲፈጽም እናሳስባለን፦

1ኛ/ ሚዜ ሲመረጥ ፎቶ ሰብሳቢም አብሮ ይመረጥ። ከሙሽራው ወገን አንድ፣ ከሙሽራዪቱ ወገን አንድ ይበቃል። ሰብሳቢው ራሱ ፎቶ አንሺ ባይሆን ይመረጣል። ሰው የሚያውቅ፣ የማያፍር፣ «እስቲ ስልክህን አምጣ» ለማለት የሚደፍር ወጣት ይሁን። ሽማግሌዎችም ከምሳ በኋላ ተነሥተው ስሙን ለእንግዳው ያስታውቁ።

2ኛ/ «እልክልሃለሁ» የሚለውን አትቀበሉ። ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር ማስተላለፍ ኢንተርኔትም ሆነ የካርድ ሂሳብ አይጠይቅም። በሚሞሪ ካርድም መገልበጥ ይቻላል። በቴሌግራም መላክ ግድ ከሆነ በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ይላክ፤ በፎቶ መልክ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል፤ በኋላ አሳትማለሁ ቢሉ መልኩ ይበላሻል።

3ኛ/ የተሰበሰበው በሁለት ቤት ይቀመጥ። አንዱ ቅጂ እዚህ፣ አንዱ ጎንደር ወይም ሌላ ቦታ ባለ ዘመድ ዘንድ ይሁን። አንድ ቤት ቢቃጠል ወይም ቤተሰቡ ቢነሣ ሌላው ይተርፋል። ይህን ምክር ያገኘነው ከካርቱም ከመጡት ጎረቤቶቻችን ነው።

4ኛ/ ቢያንስ ጥቂቶቹ ይታተሙ፤ በተለይ የሽማግሌዎችና የአሮጊቶች ፊት ያለበት አይታለፍ። በጀርባው በእርሳስ የሰዎቹ ስም፣ ቀኑና ቦታው ይጻፍ። ስም የሌለው ፎቶ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የባዕድ ሰው ፎቶ ነው። የአገራችን ፀሐይና ሙቀት የቀለም ፎቶን ቶሎ ያደበዝዛል፤ ምስጡም ወረቀት አይምርም። ስለዚህ ግድግዳ ላይ ከሚሰቀለው ሌላ ቅጂ በቆርቆሮ ሣጥን፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

5ኛ/ ያለ ፈቃድ አይለጠፍ። ሙሽሮቹ ይሁን ብለው የተነሡት ፎቶ አለ። ነገር ግን በጭስ ውስጥ ወጥ ስታማስል የተነሣች እናት፣ የሰው ልጅ የሆነ ሕፃን፣ አገሩን ጥሎ የመጣ ስደተኛ ፊታቸው በፌስቡክና በቲክቶክ እንዲዞር ፈቅደዋል ማለት አይደለም። በዚህ ዘመን አንድ ሰው የት ቀን እንደዋለ መታወቁ ራሱ ጉዳት ሊያመጣበት ይችላል። ለቤተሰብ መስጠት ሌላ፣ ለዓለም መበተን ሌላ ነው። ተጠይቆ እንቢ ያለ ሰው ይከበር።

6ኛ/ ፎቶግራፍ የጋብቻ ምስክር ወረቀትን አይተካም። «ሠርጋችን በቪዲዮ አለ» የሚሉ ባልና ሚስት አጋጥመውናል። ቪዲዮው ለትዝታ ነው። በ2004 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 760 መሠረት ጋብቻ በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በመስጊድ ወይም በባህል ቢፈጸም በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሁለቱም 18 ዓመት የሞላቸው መሆን እንዳለባቸውም ሕጉ ደንግጓል፤ ይህን የዘለለ ሠርግ ድንኳናችንን ሊወስድ አይገባውም።

አሁን ደግሞ የሚቃወሙንን እንስማ። አንዳንድ አባቶች «ሠርጉን ያበላሸው ይኸው ስልክ ነው» ይላሉ። እውነት አላቸው። ምርቃት ሲወርድ አሜን የሚል ጠፍቶ ሁሉም ክንዱን አንሥቶ ይቆማል፤ የሙሽራዪቱ እናት የልጃቸውን ፊት በሰው ስልክ መካከል አጮልቀው ያያሉ። እኛም ተጨማሪ ስልክ ይነሣ አላልንም። ሁለት ወይም ሦስት አንሺ ተመድቦ ሌላው ሰው ቢቀመጥ፣ ያነሡትንም ሁሉም እንደሚያገኝ አስቀድሞ ቢነገረው፣ ሰው ስልኩን ኪሱ ከትቶ እልል ይላል። ሰው የሚሻማው እንደማይደርሰው ስለሚያውቅ ነው።

ሌሎች ደግሞ «ወጪ ነው» ይላሉ። ባለ ቪዲዮና ባለ ካሜራ ከሩቅ አስመጥቶ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ሰሊጥ አስይዞ ተበድሮ መደገሥን እኛም አንደግፍም። የእንግዳ ፎቶ መሰብሰብ ግን ገንዘብ የማይጠይቅ፣ እንዲያውም ወጪ የሚቀንስ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ከሃምሳ እንግዳ አምስት አምስት ፎቶ ቢገኝ 250 ይሆናል። የተቀጠረው ሰው ምሳ ላይ ሳለ የተደረገውም ከእነዚህ ውስጥ አይጠፋም።

ማኅበሩም የድርሻውን ይወጣ ዘንድ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ሁለት ሐሳብ አቅርበናል። የመጀመሪያው፣ ከድንኳኑና ከብረት ድስቱ ጋር የሠርግ መዝገብ ደብተርና ፎቶ መቀበያ አንድ ሚሞሪ አብሮ ለባለ ሠርጉ እንዲሰጥ ነው። ዕቃው ሲመለስ ሚሞሪው ለቤተሰቡ ተገልብጦ ይመለሳል፤ ቤተሰቡ ካልፈቀደ በስተቀር በማኅበሩ ዘንድ አንድም ፎቶ አይቀርም። ሁለተኛው፣ የቆየ አልበም ያላቸው ቤተሰቦች ፈቃዳቸው ከሆነ በአንድ እሑድ ይዘው መጥተው ወጣቶቻችን በጥላ ሥር፣ ያለ ፍላሽ፣ በስልክ እንዲያነሡላቸው ነው። ከሱዳን የተመለሱ ጎረቤቶቻችንም በዚያ ቀን ተገኝተው ያገላብጡ። የጠፋባቸው ፊት በማን ጓዳ እንዳለ ማን ያውቃል?

ያቺ ሥቀን ያለፍናቸው እናት በዚያ ስብሰባ ላይ ቀድመው እንዲናገሩ ጠይቀናቸዋል። እሺ ብለዋል። ይህ ሐሳብ ሲጀመርም የእሳቸው ነበር፤ በዚህ ጊዜ በቃለ ጉባኤ እንደሚሰፍር ቃል እንገባለን።

ሠርግ ያላችሁ ሠርጋችሁ ይመር። የተጠራችሁም ስትሄዱ ስልካችሁን ሞልታችሁ ሳይሆን አካፍላችሁ ውጡ እንላለን።