የማንጎ ፍሬ ከሰል ጀርም አይገድልም!



ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ እየላካችሁልኝ ነው። ሰውዬው የማንጎና የአቮካዶ ፍሬ አክስሎ የወንዝ ውሃ ያሳልፍበታል፤ ኩልል ብሎ ሲወርድ ጠጥቶ “ከእንግዲህ ማፍላት ቀረ!” ይላል። እኔ ደግሞ አልቀረም እላለሁ።

ከሰሉን አልነቅፍም። በልተን ከምንጥለው ፍሬ ነው የሚሠራው፤ ለእሱ ተብሎ ዛፍ አይቆረጥም። ከሰል ለዓይን የማይታዩ ብዙ ቀዳዳዎች ስላሉት የውሃውን ሽታ፣ ቀለምና መጥፎ ጣዕም ይዞ ይቀንሳል። ተቅማጥና ታይፎይድ የሚያመጣውን ጀርም ግን አይገድልም። እንዲያውም ሳይቀየር ከቆየ ጀርም ይራባበታል። ውሃው ጠራ ማለት ከበሽታ ጸዳ ማለት አይደለም እኮ!

“አባቶቻችን ይሄንኑ የወንዝ ውሃ ጠጥተው ነው ያደጉት” የምትሉኝም አላችሁ። የምታዩት ያደጉትን ነው። በተቅማጥ የሞቱትን ሕፃናት ማን ቆጠራቸው?

እሺ፣ ከሰሉን መሥራት ከፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉ፦

1. ፍሬውን በደንብ አድርቁ። ክዳን ባለው ቆርቆሮ ክተቱና ክዳኑን በሚስማር ብሱት፤ ካልተበሳ ሊፈነዳ ይችላል። ደጅ ላይ ከውጭ እሳት አንድዱበት። ጭሱ ሲያቆም አውርዱና ቀዳዳውን በጭቃ ድፈኑት። ሳይበርድ ከከፈታችሁት አመድ ይሆናል። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ግን በፍጹም!

2. ከሰሉን ሰባብራችሁ ጥቁሩ እስኪለቅ እጠቡት። ደፍራሽ ውሃ መጀመሪያ ይጥለል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጣራ፣ ከዚያ በከሰሉ ይለፍ።

3. መጨረሻ ላይ አፍሉት። ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ደጋ ከሆነ 3 ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ ከቸገራችሁ ውሃ አጋር እንደ መመሪያው ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ! ከሰል ክሎሪኑን ስለሚይዘው ውሃ አጋሩን አስቀድማችሁ ከጨመራችሁ ልፋታችሁ ከንቱ ነው።

ስምጥ ሸለቆ ያላችሁ ደግሞ ስሙኝ፦ ጥርስ የሚያበልዘውን ፍሎራይድ ይሄም ከሰል ማፍላትም አያስወግደውም። ለእሱ የሚያገለግለው ተለይቶ የተዘጋጀ የአጥንት ከሰል ነው።

ቪዲዮውን ሼር ያደረጋችሁ ሁሉ ይሄንንም ሼር አድርጉ። ከሰሉ ለሽታው፣ እሳቱ ለጀርሙ። በቃ!