የባሮ ወንዝ መጓጓዣና የዘመኑ መከታተያ መሣሪያ

የሳቢያን ነዋሪ በቅርብ የሚያውቀው ወንዝ ደቻቱ ነው። ደቻቱ ደግሞ አብዛኛውን የዓመት ክፍል አሸዋ፣ ለጥቂት ሰዓታት ጎርፍ ነው። በዚህ ከተማ ስለ ጀልባ መናገር ቀልድ ሊመስል ይችላል። ይሁንና ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰው ምድር ባቡር ጋር የተወለደች የመጓጓዣ ከተማ ናት። ሐዲድ አርጅቶ ጥገና ሲያጣ የሠራተኛው ጓዳ እንዴት እንደሚጎድል በተግባር አይታለች። ስለሆነም የወንዝ መጓጓዣን በዘመናዊ መከታተያ መሣሪያ መልሶ የማቋቋም ሐሳብ ሲነሳ ጉዳዩ እኛንም ይመለከተናል።

በአገራችን የዚህ ጥያቄ ተጨባጭ ስፍራ ባሮ ነው። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በወንዙ ዳርቻ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ። ክረምት ገብቶ ውሃው ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ጋምቤላ እየደረሱ ጨውና ጨርቅ ያራግፉ፣ ቡና ይጭኑ ነበር። ውሃው ሲጎድል ጉዞው ይቆማል። ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የመርከቡ ንግድ ግን እየተዳከመ ሄደ።

መከታተያው መሣሪያ የሚናቅ አይደለም። በጀልባው ላይ የተተከለው መቀበያ ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች በሚያገኘው ምልክት ያለበትን ስፍራ ያሰላል፤ ፍጥነቱንና አቅጣጫውንም በሬዲዮ ለወደቡ ያሳውቃል። የወደብ ሠራተኛው በከንቱ አይጠብቅም። ሆኖም ሳተላይቱ ጀልባው የት እንዳለ ይናገራል እንጂ ከሥሩ ስንት ክንድ ውሃ እንዳለ አይናገርም።

ለዚህ የአውሮፓው ራይን ምስክር ነው። በራይን መርከቦች እንዲህ ባለው መሣሪያ ይመራሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 በጀርመን ካውብ የሚገኘው የውሃ መለኪያ 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ባሳየ ጊዜ፣ መርከቦቹ ጭነታቸውን ቀንሰው ለመጓዝ ተገደዱ። መሣሪያው ችግሩን አሳየ፤ ውሃውን ግን አልጨመረም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንለይ። አንደኛ፣ የባሮ ጥልቀትና በየክረምቱ ቦታውን የሚቀያይረው የአሸዋ ክምር ይለካ። ሁለተኛ፣ ወንዙን ከልጅነታቸው የሚያውቁት የዳርቻው ልጆች በጀልባ ነጂነትና በጥገና ይሠልጥኑ። ሦስተኛ፣ ባሮ በሶባት በኩል ወደ ነጭ ዓባይ የሚፈስስ በመሆኑ ከደቡብ ሱዳንና ከሱዳን ጋር ስምምነት ይፈለግ፤ በ2015 ዓ.ም. በሱዳን የፈነዳው ዓይነት ጦርነት የሚዘጋውን መንገድ የትኛውም መሣሪያ አይከፍተውም። መከታተያው የሚተከለው ይህ ሁሉ ሲሟላ ነው።

ለእኛም ለሳቢያን ነዋሪዎች ከዚህ የሚገኝ ትምህርት አለ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን በወሰደ ጊዜ የጎደለን ጀልባ አልነበረም፤ ከላይኛው ተፋሰስ ቀድሞ የሚደርስ ቃል ነበር። ለባሮ ጀልባ ጥልቀቱን የሚነግረው የውሃ መለኪያ ለደቻቱ ዳር ቤተሰብ የጎርፉን መምጣት ሊነግር ይችላል። መለኪያው ሲጮህ ሰምቶ ጎረቤቱን የሚቀሰቅስ የተደራጀ ቀበሌ ከሌለ ግን ጩኸቱ ከንቱ ነው። መሣሪያ የሰውን ሥራ ያግዛል እንጂ አይተካም።