የማርያም መቀነት የታጠቀ ተራራ

ሰው የሚጓዘው አስቀድሞ በፎቶግራፍ ያየውን ለማረጋገጥ ብቻ ከሆነ ከቤቱ ባይወጣ ይሻለዋል። ይህን የምለው እኔም በዚያው ስህተት ስለወደቅሁ ነው። በፔሩ፣ ከኩስኮ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ ወደሚገኘው ቪኒኩንካ የሄድሁት የማርያም መቀነት የታጠቀ የሚመስል ተራራ በሥዕል አይቼ ልቤ ስለሸፈተ ነበር።

ተራራው 5,036 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከራስ ዳሸን በ500 ሜትር ገደማ ይበልጣል። እኔ ግን «የደጋ ልጅ ከፍታ አይበግረውም» ብዬ ተነሣሁ። በአምስት ሺህ ሜትር ላይ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው ግማሽ ያህል ብቻ መሆኑን የተረዳሁት ራሴን ሲወቅረኝና ጉልበቴ ሲከዳኝ ነው። ጠዋት የጠጣሁት የኮካ ቅጠል ሻይም አላዳነኝም። በመጨረሻ የአካባቢው ሰዎች ከሚያከራዩአቸው ፈረሶች በአንዱ ላይ ወጣሁ። ፈረሱን የምትስበው አንዲት የኬችዋ ሴት ነበረች። የተጫማችው ከመኪና ጎማ የተሠራ ጫማ ነው፤ እኛ በረባሶ የምንለው ዓይነት። እኔ በውድ ዋጋ የገዛሁትን የተራራ ጫማ አድርጌ ተቀምጫለሁ፤ እርሷ በበረባሶ ጭቃውን እየረገጠች ትመራኛለች። ኀፍረቴ ከራስ ምታቴ ባሰ።

ፈረሶቹ ከመጨረሻው ዳገት ሥር ይቆማሉ። ቀሪውን በእግሬ፣ አሥር እርምጃ እየሄድሁ አሥር ጊዜ እየተነፈስሁ ወጣሁት። ከላይ ስደርስ ተራራው ፎቶግራፉን አይመስልም። ቀለሞቹ አሉ፤ ነገር ግን ደብዘዝ ያሉ ናቸው። አጠገቤ የቆመ ጎብኚ «ይኸው ነው?» ሲል ሰማሁት። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ያልሁት ይህንኑ ነበር።

ጥፋቱ ግን የተራራው አይደለም። እኛ በኮምፒዩተር ያደመቅነውን ቀለም ተራራው እንዲከፍለን መጠበቃችን ነው። ቀዩ ብረት የዛገበት ሸክላ ነው፤ ነጩ ከኳርትዝ አሸዋና ከኖራማ ድንጋይ የመጣ ነው፤ ሌሎቹም እንዲሁ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ማዕድን አላቸው። በሚሊዮን ዓመታት አንዱ በሌላው ላይ የተነጠፈ ደለል የአንዲስ ተራሮች ሲነሡ አብሮ ታጥፎ ቆመ። ይህን እያሰቡ ለሚያዩት ሰው ደብዛዛው ቀለም አያንስም።

ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። ቪኒኩንካ በውጭ አገር ጎብኚዎች ዘንድ የታወቀው ከ2010ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። በ2018 በቀን እስከ አንድ ሺህ ሰው ይወጣው ነበር። አልፓካ እያረባ ለሚኖረውና ልጆቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማና ወደ ማዕድን ማውጫ ይሰደዱበት ለነበረው ሕዝብ የመግቢያው ገንዘብና የፈረሱ ኪራይ እንጀራ ሆነ። በሌላ በኩል መሬቱ በእግርና በኮቴ ተቦረቦረ፤ የውኃ ወፎች ያርፉበት የነበረ ረግረግ የመኪና ማቆሚያ ሆነ።

ስለዚህ «መሄዱ ይቅር» የሚሉ ተቆርቋሪዎች አሉ። እኔ አልስማማም። ጎብኚው ቢቀር ተራራው ለብቻው በሰላም ይኖራል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። በዚያው አካባቢ አንድ የውጭ ኩባንያ የማዕድን ፍለጋ ፈቃድ ይዞ ነበር፤ የተወውም ተቃውሞ ከተነሣ በኋላ፣ በ2018 ነው። በ2019 መጨረሻ የአውሳንጋቴ ተራራ አካባቢ ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተከለለ። በተራራው የሚተዳደር ሕዝብ ባይኖር ኖሮ ለተራራው የሚጮህለት ማን ይሆን ነበር?

የምቃወመው የአካሄዳችንን ዓይነት ነው። አብዛኞቻችን ከኩስኮ ገና ሳይነጋ በአውቶቡስ ተነሥተን፣ ፎቶግራፍ አንሥተን፣ ያንኑ ዕለት እንመለሳለን። ሆቴሉም፣ ምግቡም፣ አስጎብኚውም በአብዛኛው የከተማው ነው፤ ለመንደሩ የሚቀረው ጥቂት ገንዘብና የጫማችን ዱካ ነው። አበው «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ። እንግዲህ ወደዚያ የምትሄድ አንባቢ ሆይ፣ ጥቂት ቀን ቆይተህ ሰውነትህን ከከፍታው ጋር አላምድ፤ ከመንደሩ እደር፣ ከመንደሩም ብላ፤ ከተሰመረው መንገድ አትውጣ፤ ስለ ፈረሱ ኪራይም አትከራከር።

ስመለስ ፈረስ አልተቀመጥሁም። ከሴትዮዋ ጎን በእግሬ ወረድሁ። ቋንቋዋን ስለማላውቅ ብዙም አልተነጋገርንም። ከታች ስንደርስ ግን እንደ ጋላቢ ከፈልኋት፤ ገንዘቡን ቆጥራ ካየችኝ በኋላ ሣቀች። ከዚያ ጉዞ ይበልጥ የማስታውሰው ያንን ሣቅ ነው።