ጣሳው ያልነገረኝ
ሰሞኑን ለቁርስ የከፈትኩትን የቱና ጣሳ አጥቤ መስኮት ላይ አስቀምጬ ደጋግሜ አየዋለሁ። ታይላንድ እንደታሸገ ተጽፎበታል፤ በየትኛው ባሕር፣ በማን ጀልባ እንደተያዘ ግን አንድም ቃል የለም። ቱና ሙቀት አይችልም፤ በረዶ ካጣ ሂስታሚን የሚባል መርዝ ይፈጠርበታል፤ ይህ ደግሞ ቢቀቅሉትም ቢጠብሱትም አይጠፋም። በሕንድ ውቅያኖስ የማልዲቭስ አጥማጆች ቱናን በዘንግና በመንጠቆ አንድ በአንድ ነው የሚያወጡት። እንዲህ የተለፋበት ዓሣ በበረዶ እጦት ዋጋው ሲወድቅ ማሰብ ያንገበግበኛል። የሕንድ ውቅያኖስ የቱና ንግድ ይሻሻል ከተባለ፣ እኔ ብሆን ገንዘቡን ከማሸጊያ ፋብሪካው አስቀድሜ ወደቡ ላይ ላለው የበረዶ ማምረቻ እሰጥ ነበር። ከዚያ የጀልባው ስምና የተያዘበት ቀን ጣሳው ላይ ይታተምልን፤ ክዳኑ ላይ፣ ከማብቂያ ቀኑ አጠገብ፣ ባዶ ቦታ አለ።