የቡድን ዋስትናና የበሬው ዕጣ፦ በስሜን ግርጌ የባለዕዳው ገበሬ መብት

ዕዳ ሰብሳቢ ሲባል በሌላው ዓለም የሚታወቀው ለዚሁ ሥራ የተቋቋመ ድርጅት ነው። በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ ግን ደጅ የሚያንኳኳው የብድር ባለሙያው፣ የቡድኑ አባል ወይም አራጣ አበዳሪው ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሕጋችን ለባለዕዳው የሰጠው ጥበቃ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ጥበቃው ሥራ ላይ የሚውለው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ብቻ በመሆኑ በሬው አስቀድሞ ይሸጣል የሚል ነው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት ስለማይሸጥ ስለማይለወጥ፣ ገበሬው ለረጅም ጊዜ መሬቱን አስይዞ መበደር አልቻለም። በ1989 ዓ.ም. ፈቃድ ያገኘውና ኋላ ወደ ጸደይ ባንክ የተሸጋገረው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ይህን ክፍተት የሞላው በቡድን ዋስትና ነው። ዘዴው ንብረት የሌለውን ተበዳሪ አድርጓል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ይሁን እንጂ ጎረቤትን ዕዳ ጠያቂ አድርጎታል። አንዱ ሲያቅተው ሌሎቹ ይከፍላሉ፤ አባባሉ እንደሚለው «ዕዳ ከሜዳ» ይሆናል።

ሕጉ ምን ይላል? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና በግልጽ መሰጠት አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ ካልተጻፈም ውሉ አይጸናም (አንቀጽ 1922)። ተራ ዋስ አስቀድሞ የባለዕዳው ንብረት እንዲሸጥ መጠየቅ ይችላል፤ «በአንድነትና በነጠላ» ብሎ የፈረመ ግን ይህን መብት ያጣል። ስለዚህ ገበሬው ሊያውቀው የሚገባው ትልቁ ነገር በዚያች አንድ ሐረግ ውስጥ ነው። ግለሰብ አበዳሪን በተመለከተ ደግሞ ሕጉ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል፤ አራጣም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል።

ፍርድ ከተሰጠ በኋላም ሁሉ ነገር አይወሰድም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 404 የገበሬውን የእርሻ መሣሪያ፣ ለኑሮው የሚያስፈልጉትን ከብቶችና ዘር፣ እንዲሁም የቤተሰቡን የሦስት ወር ቀለብ ከመያዝ ነፃ ያደርጋል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም የውል ግዴታን መፈጸም ስላልቻለ ብቻ ማንም እንዳይታሰር ይደነግጋል።

ታዲያ ክፍተቱ የት ላይ ነው? አንቀጽ 404 የሚያዝዘው የፍርድ አፈጻጸም መኮንንን እንጂ የቡድኑን ሰብሳቢ አይደለም። ገበሬው ከጎረቤቱ ላለመጣላትና ቀጣዩን ብድር ላለማጣት ሲል በሬውን «በፈቃዱ» ወደ ገበያ ይነዳል። በሕግ ዓይን ይህ ሽያጭ እንጂ ንብረት መያዝ አይደለም። ያለ በሬ የቀረው ገበሬ መሬቱን በእኩል አራሽ ይሰጣል፤ የሚቀጥለውን ዓመት ዕዳ የመክፈል አቅሙም በግማሽ ይቀንሳል። ጉዳቱ ለአበዳሪውም ይተርፋል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ሲደርስ እንደታየው፣ የአንድ አካባቢ አባላት በአንድ ቀን ሊከስሩ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ዋስ ሁሉም ባለዕዳ ነውና የቡድን ዋስትና ትርጉም ያጣል።

ሦስት እርምጃዎችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የኃላፊነቱን ልክና «በአንድነትና በነጠላ» የሚለውን ሐረግ የሚያብራራ አንድ ገጽ ጽሑፍ ገንዘቡ ከመሰጠቱ በፊት ለቡድኑ በቃል ይነበብ። ሁለተኛ፣ የአንቀጽ 404 ዝርዝር በብድር ውሉ ውስጥ ይካተት፤ ከፍርድ ቤት ውጭ በሚደረግ ስብሰባም የእርሻ በሬና ዘር አይነካ። ሦስተኛ፣ የመክፈያው ቀን ገብስና ባቄላ በአንድ ጊዜ ገበያ ከሚያጥለቀልቁበት ሰሞን ይራቅ።

ይህ ዕዳ ይሰረዝ ማለት አይደለም፤ ብድር በምድር ነው። የተበደረ ይክፈል፤ ነገር ግን የሚከፍልበትን በሬ ሸጦ አይደለም።