የነፍስ ትምህርት ቤት ስለ ሥጋ ዝም ይበልን?

ትምህርት ቤት ፊደልንና ግብረ ገብን ያስተምር እንጂ ገላን ስለ መታጠብና ከበሽታ ስለ መጠበቅ ማስተማር ሥራው አይደለም የሚሉ ሰዎች አሉ። ጤና ከእግዚአብሔር ነውና ወጣቱ ጸሎቱን ከያዘ ይበቃዋል ይላሉ። ጤና ከእግዚአብሔር መሆኑን የሚክድ የለም። እንጀራም ከእግዚአብሔር ነው፤ ነገር ግን ገበሬ ልጁን እርፍ መጨበጥ ሳያስተምር አይተወውም።

የዚህን ክርክር ፍርድ ለማየት ወደ እንጦጦ ማርያም መውጣት ይበቃል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ይህች ደብር በኋላ ዘመን በጠበልዋ ምክንያት ለብዙ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መጠጊያ ሆነች። የበሽታው ማስታገሻ መድኃኒት በሀገራችን በነጻ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ ኪኒና መዋጥ የእምነት ጉድለት ነው የሚል ነገር ስለ ተነዛ፥ መድኃኒቱን ጥለው ጠበሉን ብቻ የያዙ ሕሙማን ነበሩ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ግን በሽታው ተመልሶ ይበረታል። በ1999 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድነት መውሰድ የተገባ መሆኑን በግልጽ ተናገሩ። ቃሉ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን ሕመምተኛው ይህን በልጅነቱ ከመምህሩ ሰምቶት ቢሆን ኖሮ፥ በጠበሉ ደጅ ቆሞ በሁለት ሐሳብ ባልተጨነቀም ነበር።

ነገሩ ለአብነት ትምህርት ቤት ይልቁን ይቀርባል። የቆሎ ተማሪ በጠባብ ጎጆ ተጠጋግቶ ያድራል፤ የልብስ ቅያሪም የለውም። ግርሻ የሚባለው ትኩሳት የሚተላለፈው በልብስ ቅማል ነው፤ በቆሎ ተማሪዎችም መካከል ደጋግሞ ታይቷል። መከላከያውም ገላን መታጠብና ልብስን በፈላ ውኃ መቀቀል ነው። ጾመ ድጓን በቃሉ የያዘ ልጅ ይህን የሚነግረው አጥቶ ቢሞት፥ የተቀበረው ሥጋው ብቻ አይደለም፤ ያ ሁሉ ዜማ አብሮት ይቀበራል።

ይህ የፈረንጅ ትምህርት ነው የሚል ቢኖር መጽሐፈ ሲራክን ምዕራፍ 38 ይመልከት፤ ባለ መድኃኒትን ማክበር በዚያ ታዝዟል። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበረ። ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ምክር ጻፈለት እንጂ ጸሎትህ ስላነሰ ነው ብሎ አልነቀፈውም። ቅዱስ ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሳርያ የሕሙማን ቤት አሠርቷል።

ሌሎችም፥ ወጣቱ የበሽታውን መንገድ ቢማር ኃጢአትን ይማራል ብለው ይፈራሉ። ነገር ግን ገደሉን ያሳየ ሰው ዝለል አላለም፤ ገደሉን አይቶ ዝም ያለው ግን ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ንጽሕናንና ድንግልናን የሚያስተምር መምህር ስለ በሽታው ዝም ቢል ወጣቱ ነገሩን ከመንገድ ይማረዋል፤ የመንገድ መምህር ደግሞ ተግሣጽ አያውቅም።

እንግዲህ የመንግሥቱም የቤተ ክርስቲያኑም ትምህርት ቤት ለዚህ ነገር በየሳምንቱ አንዲት ሰዓት ቢለይ፥ ከዳዊቱም ከሒሳቡም የሚጎድል የለም። ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ እንደ ተባለ፥ ልጁ ታሞ ወደ እንጦጦ ከመውጣቱ በፊት በጤናው ሳለ ይማር።